ሕፃናትን ይዞ ለረጅም ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መጓዝ፦ በአሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በአሜሪካ የተወለዱ ልጆቻቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ የሚወስዱ ወላጆች «የምንሄደው ወደ አገር ቤት ነው» ብለው ዝግጅቱን ያቃልሉታል። አባባሉ ለወላጆቹ እውነት ነው፤ ለልጁ ግን አይደለም። የሦስት ዓመት ልጅ ሆድ የአዲስ አበባን ውኃ አያውቅም፣ ሰውነቱ ወባን ታግሎ አያውቅም፣ እንቅልፉም በሌላ የምድር ክፍል ሰዓት የተለመደ ነው። በአሜሪካ ከሚመዘገቡት የወባ ሕሙማን የሚበዙት ቱሪስቶች ሳይሆኑ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ትውልድ አገራቸው ደርሰው የተመለሱ ቤተሰቦች የመሆናቸው ምክንያትም ይኸው ነው፤ ቱሪስቱ ፈርቶ ሐኪም ያማክራል፣ አገሬ ነው ያለ ሰው ግን ሳያማክር ይሄዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚነሣው ለወላጅ የትውልድ አገር የሆነው ለልጅ የውጭ አገር መሆኑን ከመቀበል ነው።

መመሪያው የተጻፈው ከስድስት ወር እስከ ስድስት ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ልጆች ይዘው ከአንድ ወር በላይ ለሚቆዩ ነው። እኔና ባለቤቴ ከሜሪላንድ ተነሥተን ሁለት ልጆቻችንን ይዘን ሦስት ጊዜ ተጉዘናል። በመጀመሪያው ጉዞ ብዙ አጥፍተናል፤ እዚህ ከሰፈረው ምክር ብዙው የተገኘው ከዚያ ጥፋት ነው።

1. ወቅቱንና የቆይታውን ርዝመት መወሰን

የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት ከጁን አጋማሽ እስከ ኦገስት መጨረሻ ገደማ ሲሆን ይህ ወቅት በእኛ አቆጣጠር ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ማለትም የክረምቱ ልብ ነው። ብዙ ሰው «ሰመር» የሚለው ቃል አታሎት ቁምጣና ነጠላ ጫማ አሽጎ ይሄዳል፤ ሐምሌ ላይ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ዝናብ በየቀኑ ይወርዳል ማለት ይቻላል፣ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል፣ ቤቶቹም ማሞቂያ የላቸውም። ለትምህርት ቤት ልጅ ሌላ አማራጭ ከሌለ ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ፣ ቦት ጫማና ወፍራም የሌሊት ልብስ ይያዝ። ልጁ ገና ትምህርት ካልጀመረ ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ በእጅጉ ይሻላል፤ ሌሊቱና ማለዳው ቢበርድም ቀኑ ፀሐያማ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ገናና ጥምቀትም በዚሁ ወቅት ይውላሉ። ለእነዚህ በዓላት የሚሄድ ቤተሰብ ትኬቱን ወራት አስቀድሞ ይግዛ።

ርዝመቱን በተመለከተ ትንንሽ ልጆችን ይዞ ለሁለት ሳምንት መሄድን አልመክርም። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ቀናት የሚያልቁት እንቅልፍንና ሆድን በማስተካከል ነው፤ ልጁ አያቱን «እንግዳ ሴትዮ» ብሎ ማየቱን ትቶ በራሱ ፈቃድ ጭኗ ላይ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሁለት ሳምንት የሚመለስ ቤተሰብ ልጁ ቤቱን መልመድ በጀመረበት ሰሞን ሻንጣ ያዘጋጃል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሥራ ካልፈቀደም አንደኛው ወላጅ ቀድሞ ከልጆቹ ጋር ሄዶ ሌላኛው በኋላ ሊቀላቀል ይችላል።

2. ሰነዶችን ማሟላት

ይህን ከጉዞው አራት ወር በፊት መጀመር ያስፈልጋል። ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት የሚያገኘው ሁለቱም ወላጆች ከልጁ ጋር በአካል ቀርበው ሲያመለክቱ ነው፤ አንደኛው መቅረብ ካልቻለ በኖተሪ ፊት የተፈረመ የፈቃድ ቅጽ፣ ዲኤስ-3053 የሚባለውን፣ መላክ አለበት። የልጅ ፓስፖርት የሚያገለግለው ለ5 ዓመት ብቻ ስለሆነ ታላቅየው በሕፃንነቱ የወሰደው ጊዜው አልፎ እንደሆነ ይታይ። ኢትዮጵያ ሲደርሱም ፓስፖርቱ ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ ሊቀረው ይገባል።

የመግቢያ ፈቃዱ በሁለት መንገድ ይገኛል። ወላጆች የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ ካላቸው ያለ ቪዛ ይገባሉ፤ ነገር ግን የወላጅ ካርድ ልጁን አያስገባም፣ ልጁ የራሱ ካርድ ወይም የራሱ ቪዛ ያስፈልገዋል። በኢንተርኔት የሚወሰደው የቱሪስት ቪዛ የ30 እና የ90 ቀን ተብሎ ሁለት ዓይነት ነው። ስምንት ሳምንት የሚቆይ ሰው በርካሽነቱ ተስቦ የ30 ቀኑን ከወሰደ፣ ኋላ ሕፃን ታቅፎ በኢሚግሬሽን ወረፋ መቆም ወይም ቅጣት መክፈል ይመጣልና የ90 ቀኑን ይምረጥ።

ለእኛ ቤተሰቦች ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው የስም ጉዳይ ነው። በባህላችን ሚስት በባሏ ስም አትጠራም፤ በመሆኑም አባት በአባቱ፣ እናት በአባቷ፣ ልጅም በአባቱ ስም ሲመዘገቡ በአንድ ቤተሰብ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይገኛል። ይህን የማያውቅ የድንበር ሠራተኛ «ይህ ልጅ የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሥራውን እየሠራ ነው። መልሱ በእጅ ይኑር፦ የእናትና የአባት ስም የሰፈረበት የልደት ምስክር ወረቀት፣ ዋናውና ሁለት ቅጂ፣ በእጅ ሻንጣ ውስጥ ይቀመጥ። አንድ ወላጅ ብቻውን የሚጓዝ ከሆነም ሌላኛው ወላጅ የጉዞውን ቀናትና መድረሻ ጠቅሶ በኖተሪ ፊት የፈረመበት የስምምነት ደብዳቤ ይያዝ። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ቀድማ በሄደችበት ጊዜ ደብዳቤውን ያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን አንድ ጊዜ ግን ባይኖር ኖሮ ከአውሮፕላኑ ትቀር ነበር።

የፓስፖርቶቹን፣ የቪዛዎቹንና የክትባት ካርዶቹን ፎቶ በስልክ ማስቀመጥና ለአንድ አሜሪካ ለሚቀር ዘመድ መላክም ተገቢ ነው።

3. ሐኪም ማማከር

ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ወር በፊት ለልጆቹ የዘወትር ሐኪም ኢትዮጵያ እንደሚሄዱ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ የት የት እንደሚደርሱና ስንት ቀን እንደሚቆዩ ይንገሩ። «አፍሪካ እንሄዳለን» ማለት ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም፤ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ ብሎ ቦታውን መጥራት ነው የሚረዳው። የሕፃናት ሐኪሙ የጉዞ ክትባቶችን የማይሰጥ ከሆነ ወደ ጉዞ ክሊኒክ ይልካል።

በመጀመሪያ የሚታየው ኩፍኝ ነው። በአሜሪካ የኩፍኝ ክትባት የሚጀመረው በ12 ወር ቢሆንም ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሕፃን ከ6 እስከ 11 ወር ባለው ዕድሜው አንድ ተጨማሪ መጠን እንዲወስድ ይመከራል፤ ይህ መጠን ከመደበኛዎቹ ሁለት ክትባቶች ጋር አይቆጠርም። ዓመት የሞላው ልጅ ደግሞ ሁለተኛውን መጠን ከ28 ቀን በኋላ አስቀድሞ ሊወስድ ይችላል። ሄፓታይተስ ኤ ከ6 ወር ጀምሮ ለተጓዥ ሕፃናት ይሰጣል። የታይፎይድ መርፌ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስለማይሰጥ ለእነዚያ መከላከያው ንጹሕ ውኃና ምግብ ብቻ ነው። ስለ ቢጫ ወባ፣ ስለ ማጅራት ገትርና ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንደ ልጁ ዕድሜና እንደሚሄዱበት ቦታ ሐኪሙ ይወስናል።

ወባን በሚመለከት አዲስ አበባ ከተማ ውስጥ አይተላለፍም፤ በአገሪቱ ከ2,500 ሜትር በታች ባሉ ሌሎች አካባቢዎች ግን ስጋት አለ። ይህ ቆላውን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ ሁለቱም የወባ አገር ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚወጣ ልጅ የመከላከያ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ መጠኑ በክብደት ይሰላል። አቶቫኩዎን ከፕሮጓኒል ጋር የተቀመመው (ማላሮን) ወደ ወባው አካባቢ ከመግባት አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ ከወጡ በኋላ ለ7 ቀናት ይቀጥላል፤ ዶክሲሳይክሊን ዕድሜው ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። «እኛ እዚያው አድገን ምን ሆንን?» የሚለው መከራከሪያ ለልጁ አይሠራም፤ ለወላጁም ቢሆን ለዓመታት ከተለየ በኋላ የነበረው የመቋቋም አቅም ስለሚጠፋ እርሱም መድኃኒቱን ይውሰድ።

የሚያዘው የመድኃኒት ከረጢት ብዙ መሆን የለበትም፦ በልጁ ክብደት የተሰላ የትኩሳት መድኃኒት፣ ቴርሞሜትር፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ)፣ የቁስል ማጽጃና ፋሻ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ከሁለት ወር በላይ ለሆነ ልጅ የትንኝ መከላከያ፣ እንዲሁም ልጁ አዘውትሮ የሚወስደው መድኃኒት ለሙሉው ቆይታና ለሁለት ሳምንት ትርፍ። የጤና መድኅኑ ከአሜሪካ ውጭ የሚሠራ መሆኑን ደውሎ መጠየቅ አይረሳ፤ ሜዲኬይድ አይሠራም፣ ከግል መድኅኖችም ብዙዎቹ አይሠሩም። ለጥቂት ሳምንታት የሚገዛ የጉዞ ጤና መድኅን፣ ወደ ሌላ አገር ለሕክምና መወሰድን የሚሸፍን ከሆነ፣ ከምንከፍልባቸው ነገሮች ሁሉ ዋጋ ያለው ይመስለኛል።

4. ትኬትና በረራ

ከልጆች ጋር ዋናው ሕግ የአውሮፕላን ቅያሪን መቀነስ ነው። ከዋሽንግተን ደለስ ወደ አዲስ አበባ በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን ወደ 13 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በአውሮፓ ወይም በባሕረ ሰላጤው በኩል የሚያልፍ ትኬት በጥቂት መቶ ዶላር ቢረክስ እንኳ እኩለ ሌሊት ላይ የተኙ ልጆችን ተሸክሞ ፍተሻ ማለፍን ያመጣል። የመልሱ ጉዞ ረዘም እንደሚል አስቀድሞ ማወቅም ይጠቅማል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላኑም ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሣት ስለሚያዳግተው ነዳጅ ለመቅዳት መሐል መንገድ ላይ ማረፉ የተለመደ ነው። ስለዚህ ዳይፐሩም ወተቱም ለመልሱ በዛ ተደርጎ ይታሰብ።

ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ በወላጁ ጭን ላይ ሊጓዝ ይችላል፤ ጉዞው ላይ እያለ ሁለት ዓመት የሚሞላው ልጅ ግን ለመልሱ የራሱ መቀመጫ ሊገዛለት እንደሚገባ ብዙዎች አያውቁም። አቅም ከፈቀደ ለሕፃኑም መቀመጫ ገዝቶ ካርሲቱን መጠቀም ለደኅንነትም ለእንቅልፍም ይበጃል፤ ካርሲቱ ለአውሮፕላን የተፈቀደ መሆኑ በላዩ ላይ በቀይ ጽሑፍ ይገለጻል። የሕፃን አልጋ የሚንጠለጠልበት የፊት ረድፍ ትኬቱ በተገዛበት ዕለት በስልክ ይጠየቅ፣ የአልጋው የክብደት ወሰንም አብሮ ይጠየቅ፣ ከበረራው ሁለት ቀን በፊትም በድጋሚ ይረጋገጥ። እኛ በመጀመሪያው ጉዞ አንድ ጊዜ ጠይቀን ዝም በማለታችን በመግቢያው ላይ ለሌላ መሰጠቱ ተነገረን፤ ባለቤቴም የሰባት ወር ልጅ ታቅፋ አደረች።

በእጅ ሻንጣ የሚያዘው ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ለወላጆችም አንዳንድ ቅያሪ (ሕፃን የሚያስመልሰው ወላጁ ላይ ነውና)፣ በሰዓት አንድ ዳይፐር በሚል ስሌት የተቆጠረ ዳይፐር፣ ልጁ የለመደው ደረቅ ምግብና ሲተኛ የሚያቅፈው ዕቃ ነው። ለሕፃን የሚሆን የእናት ጡት ወተትና ፎርሙላ ከ100 ሚሊ ሊትር ቢበልጥም በአሜሪካ ፍተሻ ይፈቀዳል፤ ከሻንጣው ወጥቶ ለብቻው ለፈታሹ ይታይ። አውሮፕላኑ ሲነሣና ከማረፉ ግማሽ ሰዓት በፊት መውረድ ሲጀምር ሕፃኑ ይጥባ፣ ትልቁ ልጅ በስትሮው ይጠጣ፤ መዋጡ የጆሮውን ሕመም ያቀልለታል። እንዲተኛ ተብሎ የአለርጂ መድኃኒት መስጠትን ግን በፍጹም አልመክርም፤ አንዳንዱን ልጅ በተቃራኒው ያነቃዋል፣ ለትንንሾቹም አደገኛ ነው።

5. ከመድረስ በፊት ከቤተሰብ ጋር መነጋገር

ከሁሉም ደረጃዎች ከባዱና የሚዘለለው ይህ ነው። ሴት አያት የልጅ ልጇን ለማየት ዓመታት ጠብቃለች፤ ጎረቤቱ ተጠርቷል፣ ድግሱ ተደግሷል፣ እያንዳንዱ ዘመድ ልጁን ሊስም፣ ሊያቅፍና ሊያጎርስ ይፈልጋል። ልጁ ደግሞ ከ13 ሰዓት በረራ በኋላ የማያውቃቸው ሠላሳ ሰዎች መሐል ሲገኝ ይጮኻል፤ አያትም ልቧ ይሰበራል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ አስቀድሞ ያልተነገረ ነገር ውጤት ነው።

ስለዚህ ከጉዞው አንድ ወር በፊት በስልክ ሦስት ጉዳዮች ይነሡ። የመጀመሪያው እንግዳ ነው፦ «እማዬ፣ ልጆቹ ደክሟቸው ስለሚደርሱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ቤት ውስጥ ካንቺ ጋር ብቻ ይሁኑ፤ ዘመዱን በሚቀጥለው እሑድ እንጠራለን» ማለት አያትን የሚያስቀይም አይደለም፤ እንዲያውም ልጆቹን ለብቻዋ የምታገኝበትን ጊዜ ይሰጣታል። ሁለተኛው ምግብ ነው፦ ያልፈላ ወተት፣ ከጥሬ ወተት የተሠራ አይብ፣ ጥሬ ወይም ለብለብ ክትፎ፣ ያልበሰለ ሰላጣና በቧንቧ ውኃ የተበጠበጠ ጭማቂ ለልጆቹ እንደማይሰጥ በግልጽ ይነገር። «ሐኪማቸው ከልክሏል» ማለት ይጠቅማል፤ እውነትም ነው፣ ክልከላውም ከልጅ ለእናት የተሰጠ ትእዛዝ አይመስልም። ሦስተኛው የባህል ሕክምና ነው። ልጁ ሲያስል እንጥል ማስቆረጥን፣ ሲያስቀምጠው ግግ ማስወጣትን የሚያነሣ ሰው ዛሬም አይጠፋም፤ ሁለቱም ለኢንፌክሽንና ለደም መፍሰስ ይዳርጋሉና ወላጅ በሌለበት ልጁ ለማንም ለሕክምና እንደማይወሰድ በአክብሮት፣ ግን ያለ ማወላወል ይነገር።

ያዋጣን አንድ ዘዴ ልናገር። በሁለተኛው ጉዞ የውኃውን ነገር ለእናቴ ሙሉ በሙሉ አስረከብኋት፤ «የልጆቹ ውኃ ባለቤት አንቺ ነሽ» አልኋት፣ እንዴት እንደሚፈላና በየትኛው ጆግ እንደሚቀመጥ አብረን ተነጋገርን። ከዚያ በኋላ እኔ ስዘነጋ እንኳ እርሷ አልዘነጋችም፤ ለልጆቹ ከቧንቧ ሊቀዳ የተነሣውን ወንድሜን ስትቆጣው ሰምቻለሁ። ልጅ አሳድጋ ለወግ ያበቃች ሴት ስትከለከል ትከፋለች፣ ኃላፊነት ሲሰጣት ግን ከማንም በላይ ትጠብቃለች። በቤቱ ውስጥ የምታበስል ሠራተኛ ካለችም ይኸው ሁሉ ለእርሷ በተለይ ይነገራት፤ ጡጦውን የምታጥበው ብዙውን ጊዜ እርሷ ናትና።

6. የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ቀናት

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍልና በአዲስ አበባ መካከል በአሜሪካ በጋ (ሰመር) 7፣ በአሜሪካ ክረምት 8 ሰዓት ልዩነት አለ። ልጆቹ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እራት ፈልገው ይነሣሉ። መብራት ሳያበዙ፣ ስልክ ሳይሰጡ፣ ጥቂት ምግብ አብልቶ በጨለማው ውስጥ ማቆየት፣ ጠዋት ደግሞ በአንድ ሰዓት ገደማ ቀስቅሶ ወደ ፀሐይ ማውጣት ነው የሚሠራው። የቀን እንቅልፍ አይከልከል፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ግን አይርዘም። ብዙ ልጆች በሳምንት ውስጥ ይስተካከላሉ።

ከፍታውም በልጁ ላይ ይታያል፦ ቶሎ ይደክመዋል፣ ከንፈሩ ይደርቃል፣ አንዳንዴ ይነስረዋል። ውኃ ደጋግሞ ማጠጣትና የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለ ሩጫ ማሳለፍ ይበቃል። ፀሐዩ አየሩ ቀዝቅዞ እያለም ስለሚያቃጥል ባርኔጣ አይለይ።

የሚጠጣው ውኃ የታሸገ ወይም የፈላ ይሁን። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች፣ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ እንደጀመረ ማውረድ አይበቃም፣ ሦስት ሙሉ ደቂቃ ይፍላ። ፎርሙላ የሚበጠበጠውም፣ ጥርስ የሚቦረሸውም በዚሁ ውኃ ነው፤ በረዶም ከዚሁ ውኃ ካልተሠራ አይሰጥ። ፎርሙላው ከአሜሪካ ለሙሉው ቆይታ ቢወሰድ ይሻላል፤ ዳይፐር ግን አዲስ አበባ ሱቆች ውስጥ ስለሚገኝ ለመጀመሪያው ሳምንት የሚበቃ ከተያዘ ሌላው እዚያው ሊገዛ ይችላል። ዳይፐሩ በተወው ባዶ ቦታ ፎርሙላ ይጫን።

ምግቡን በተመለከተ በእኛ ቤት የሠራው በአልጫ መጀመር ነው፦ የአተር ክክ አልጫ፣ ድንች፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ገንፎ፣ አጥሚት፣ ትኩስ ዳቦ፣ እንዲሁም ወላጅ ራሱ አጥቦ የላጠው ሙዝ፣ ብርቱካንና አቮካዶ። ጉርሻን መከልከል አይቻልም፣ አያስፈልግምም፤ ከማጉረስ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ግን በእኛው ባህል ያለ ነገር ነውና በቤቱ ሁሉ እንዲጠበቅ ይደረግ።

7. ልጅ ሲታመም

በስድስት ሳምንት ቆይታ አንድ ጊዜ ተቅማጥ የማይዘው ልጅ ጥቂት ነው። ተቅማጡን ለማቆም ከመሯሯጥ ይልቅ የወጣውን ፈሳሽ መተካት ይቅደም። የኦአርኤስ ዱቄቱ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን፣ በብዛት በአንድ ሊትር፣ በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ ተበጥብጦ በማንኪያ በማንኪያ ይሰጣል፤ ልጁ ካስመለሰው ዐሥር ደቂቃ ጠብቆ ቀስ ብሎ መቀጠል ነው። ዱቄቱ በእጅ ከሌለ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ልሙጥ ተደርገው ተሰፍረው፣ በአንድ ሊትር ውኃ ይሟሟሉ፤ ጨው ማብዛት አደገኛ ነው። የሚጠባ ሕፃን ጡቱን አያቋርጥ።

የሚከተሉት ሲታዩ ቤት ውስጥ መጠበቅ አይገባም፦ ዓይኑ ከሰረጎደ ወይም የሕፃኑ እርግብግቢት ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሽንት ካልሸና፣ ሰገራው ደም ካለው፣ የሚጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘና ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ወይም ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰው። ወደ ወባ አካባቢ ሄዶ ከሰባት ቀን በኋላ ያተኮሰው ልጅ በዚያው ዕለት የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። የሚሄዱበትን የሕፃናት ክሊኒክ ልጁ ሳይታመም በፊት በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጊዜ ሄዶ ማየትን እመክራለሁ፤ ሌሊት ይሠራ እንደሆነ፣ በካርድ ይከፈል እንደሆነ፣ ከቤት ስንት ደቂቃ እንደሆነ በቀን ማወቅ በሌሊት ከመፈለግ ይሻላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991 ይጠራል።

8. መንገድ፣ ውሻና ከከተማ መውጣት

ካርሲት ይዞ መሄድ ብዙ ዘመድ ያስገርማል፤ ቢሆንም ይያዝ። ብዙዎቹ የከተማው መኪኖች አሜሪካ የለመድነው የካርሲት ማያያዣ ስለሌላቸው በቀበቶ ብቻ ማሰርን ቤት ሳሉ መለማመድ ያስፈልጋል። ታክሲ ሲጠራም የኋላው ቀበቶ የሚሠራ መሆኑ ከመሳፈር በፊት ይታይ፤ ካልሠራ ሌላ መኪና መጥራት ነው። የሕፃን ጋሪ በተቆፈረና በተሰባበረ የእግረኛ መንገድ ላይ ሸክም ይሆናል፤ ማዘያ ከእርሱ በብዙ ይሻላል፣ አያቶችም ልጅ ማዘልን ያውቁበታል።

አሜሪካ ያደገ ልጅ ውሻ ባየ ቁጥር ሊዳስስ ይሮጣል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ክትባት የሌላቸው ውሾች ብዙ ናቸው፣ የእብድ ውሻ በሽታም አንዴ ምልክቱ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ልጁ የትኛውንም ውሻና ድመት እንዳይነካ ከመሄዱ በፊት ደጋግሞ ይነገረው፤ ከተጫረ ወይም ከተነከሰ ደግሞ እንደማይቆጡት ተረድቶ ወዲያው እንዲናገር ይለማመድ፣ ትንንሽ ልጆች ፈርተው ይደብቃሉና። ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብና በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይኬድ፤ ጭረቱ ትንሽ ነው ተብሎ አይታለፍ።

ከአዲስ አበባ ውጭ መውጣት ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ይሁን። የሚሄዱበት አካባቢ የጸጥታ ሁኔታ በዚያው ከሚኖር ዘመድና ከኤምባሲው ማሳሰቢያ በሚነሡበት ሳምንት ይጣራ፤ ከሦስት ወር በፊት የተሰማ ወሬ መመሪያ አይሆንም። ወባ ባለበት ቦታ ልጆቹ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ውስጥ ይተኙ፣ ከማታ ጀምሮ እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ።

በኤሌክትሪክ በኩል የኢትዮጵያ 220 ቮልት የአሜሪካ ግን 120 ነው፤ የእናት ጡት ወተት ማለቢያም ሆነ የጡጦ ማሞቂያ ከመሰካቱ በፊት «100–240» የሚል ጽሑፍ ያለው መሆኑ ይታይ።

9. ልጁና ቋንቋው

ልጁ አማርኛ ቢሰማም የማይመልስ ከሆነ ዘመድ ፊት «በል ተናገር» ተብሎ አይፈተን፤ ይዘጋል። ከአክስቱ ልጆች ጋር ግቢ ውስጥ ይለቀቅ እንጂ። የእኛዋ ታላቅ በሦስተኛው ሳምንት «አምጣ!»፣ «የኔ ነው!»፣ «እምቢ!» ማለት ጀመረች፤ ሦስቱንም የተማረችው ኳስ ሲነጥቋት ነው። ከመሄድ በፊት የአያቶችን፣ የአክስቶችንና የአጎቶችን ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፎ በየማታው ስማቸውን መጥራት፣ «እማማ»፣ «አባባ»፣ «አክስቴ» ማለትን ማስለመድ የመጀመሪያውን ቀን በእጅጉ ያቀልላል። በየቀኑ አንድ ሰዓት ደግሞ ልጁ ከሕዝብ ተለይቶ ከወላጁ ጋር ብቻ በአንድ ክፍል ውስጥ ይቆይ፤ ሰው የሚበዛበት ቤት ለትንሽ ልጅ አድካሚ ነው።

10. መመለስና ከተመለሱ በኋላ

ሻንጣው ውስጥ ዘመድ የሚጨምረው ስንቅ ብዙ ነው። በርበሬና ሽሮ ተመዝግበው ይገባሉ፤ ቋንጣ ግን ሥጋ ስለሆነ አሜሪካ አያስገባም፣ ይዞ ባለመናገርም ቅጣት አለው። ማንኛውም ምግብ በመግቢያው ላይ ይነገር።

ከአያት መለየት ለልጁ የመጀመሪያ ሐዘኑ ሊሆን ይችላል። የመሄጃው ቀን ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀረው ይነገረው፤ ተኝቶ ሳለ አውጥቶ መውሰድ ለወላጅ ቢቀልም ልጁ ግን ነቅቶ ይፈልጋታል። አያትም ልጁም የሚሰነባበቱት ቤት ውስጥ ይሁን፣ በቦሌ ግርግር መሐል አይሁን። ከተመለሱ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በአዲስ አበባ ምሽት በአሜሪካ ጠዋት በሚሆንበት ሰዓት፣ የስልክ ቀጠሮ ይያዝ።

የሰዓት ልዩነቱ በመልሱም ስለሚያስቸግር ትምህርት ከሚጀመርበት ቀን ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ መመለስ ያስፈልጋል። የወባ መድኃኒቱ «ተመልሰናል» ተብሎ አይቋረጥ፤ የታዘዙት ቀናት ይፈጸሙ። ከተመለሱ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ የቲቢ ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙ ይጠየቅ። በሚቀጥለው አንድ ዓመት ውስጥ፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ ልጁን ቢያተኩሰው በሐኪም ቤቱ በር ላይ የሚነገረው የመጀመሪያ ቃል «ኢትዮጵያ ነበርን፣ ወባ ካለበት አካባቢም ደርሰናል፤ ደሙ ይመርመርልን» የሚል ይሁን፤ በሜሪላንድም ሆነ በሚኒሶታ ያለ ሐኪም ትኩሳት ያለው ልጅ ሲያይ ጉንፋን እንጂ ወባ በሐሳቡ ላይመጣ ይችላል።